ፍልፈልስ ለምን ይቅር?

አንባብያን ሆይ፣ ለመሆኑ ልጆቻችሁ ስንት የአገራችንን እንስሳት በስም ያውቃሉ? አንበሳን ያውቁታል፤ ከፊደል ገበታው አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና እስካሉት ምግብ ቤቶች ግድግዳ ድረስ አይጠፋምና። ዋልያንም ከብሔራዊ ቡድናችን ስም ሰምተውት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ያልቃል።

ቅሬታዬ የምናሳያቸው እንስሳ ሁሉ ዓርማ መሆኑ ነው። ዓርማ አይበርደውም፣ ጉድጓድ አይቆፍርም። ልጅ ግን የሚጠይቀው «ምን ይበላል? የት ያድራል?» እያለ ነው።

«የተፈጥሮ ፊልም አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። ስለ ባሌ ተራሮች ተሠርተው ያየኋቸው ፊልሞች ሁሉ የሚከተሉት ቀይ ቀበሮን ነው። ፍልፈሉ ብቅ የሚለው ሊበላ ሲል ብቻ ነው፤ ቀበሮው ያደባል፣ ይዘላል፣ አለቀ። ያ ሁሉ ቀበሮ በማን ጀርባ እንደሚኖር የሚናገር ጥቂት ነው።

የባሌው ግዙፍ ፍልፈል በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ይኖራል፤ የሳነቴ አምባ ዋና ሰፈሩ ነው። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ተጠግተው ስለተቀመጡ ከጉድጓዱ ትንሽ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ይወጣና፣ ከጉድጓዱ አፍ ሳይርቅ ሣሩን በጥርሱ እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል። በአቅራቢያው ያለው ሣር ሲያልቅ ቀዳዳውን በአፈር ይደፍንና በሌላ በኩል ይከፍታል። አንዲት ትንሽ ወፍም አብራው ትውላለች፤ እሱ የገለበጠውን አፈር ትለቅማለች፣ አደጋ አይታ ስትጮህም ለእሱ ማስጠንቀቂያ ይሆንለታል ይባላል። ከዚህ የበለጠ የልጆች ተረት ከየት ይመጣል?

ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች እንዳስታወቁት፣ ከ40,000 ዓመት በፊት በባሌ ፊንቻ ሀበራ ዋሻ ያረፉ ሰዎች ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር።

ከገጠር የመጣ ወላጅ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለእሱ ፍልፈል ማለት ማሳው ላይ አፈር የሚቆልል ጠላት ነው፤ በልጅ ክፍል ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? አሜሪካኖቹ ግን አልናቁትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በተጀመረው «ኪም ፖሲብል» በተባለው የዲዝኒ ካርቱን ውስጥ ሩፈስ የሚባል ፀጉር አልባ ፍልፈል አለ፤ ዝርያው ከእኛና ከጎረቤቶቻችን ቆላ የተገኘ ነው። የባሌው የቅርብ ዘመዱ ባይሆንም፣ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው አንድ ሰው፣ ጀርመናዊው ሩፐል ነበር። አንደኛው የቴሌቪዥን ኮከብ ሆነ፤ ሌላውን የእኛ ልጆች እንኳ አያውቁትም።

ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሎስ አንጀለስ መናፈሻዎች ሣር ላይ የአፈር ቁልል የሚተወውን ጎፈር አሳዩአቸው። በዝርያ አይገናኙም፣ በሙያ ግን ይመሳሰላሉ። ቃሉም ለፊደል ትምህርት የተመቸ ነው፤ «ፈ» እና «ፍ» በአንድ ስም ውስጥ ተገኝተዋል። «ፈለፈለ» የሚለውን ግስ ስታስተምሩ ደግሞ ከአለት የተፈለፈሉትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት መጥቀስ ትችላላችሁ።

እርግጥ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይሁንና የከብት ግጦሹና እርሻው ወደ ላይ እየገፋ ነው፤ ፍልፈሉም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት ተቆጥሯል። ሌላ መሸሻ ተራራ የለውም።

እንግዲህ የሚቀጥለውን የልጆች ፊደል ገበታ የምትሥሉ ሠዓልያን፣ «ፈ» ጋ ስትደርሱ ራሱን ትልቅ፣ ጆሮውን ትንሽ፣ ጅራቱን አጭር አድርጉት። ዓይኑን ወደ አናቱ አስጠጉት። አደራ፣ አይጥ እንዳታስመስሉት።