«ትልቅ» የሚለው ቃል በአንድ የመስታወት ጥናት ውስጥ

የጤና ባለሙያ የፊዚክስ ጽሑፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁንና የስኳር በሽታ ሬቲናውን የጎዳበትን ሕመምተኛ ከቶጎ ውጫሌ ተቀብሎ፣ ሕክምናው በአቅራቢያው ሲታጣ ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው አዲስ አበባ ለመላክ የተገደደ ባለሙያ፣ አረንጓዴው ሌዘር ከምን እንደሚመነጭ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

የብዙዎቹ የሬቲና ሌዘሮች ብርሃን ሲወለድ አረንጓዴ አይደለም። የ1064 ናኖሜትር የማይታይ ጨረር በልዩ ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ የሞገድ ርዝመቱ በግማሽ ያጥርና 532 ናኖሜትር ይሆናል። የቀድሞው የአርጎን ሌዘር ግን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይልና፣ በአብዛኛው፣ ማቀዝቀዣ ውሃ ይፈልግ ነበር። ውሃ በሚቸግርበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ተራ መስታወት ይህን ማድረግ አይችልም፤ አተሞቹ አቅጣጫ በሌለው ሁኔታ የተበተኑ ናቸውና። ማየርስ፣ ሙከርጂና ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1991 «ኦፕቲክስ ሌተርስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት አጭር ጥናት ይህን ድንበር ጣሰ። የሲሊካ መስታወትን ከ250 እስከ 325 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞቁ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ጫኑበት፤ ቮልቱን ሳያነሱ አቀዘቀዙት። በኋላ እንደ ተብራራው፣ እንደ ሶዲየም ያሉ ተንቀሳቃሽ አዮኖች ከአዎንታዊው ኤሌክትሮድ ሥር ይሸሻሉ፤ የቀረው አሉታዊ ሙሌት የፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ በመስታወቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ነገሩ የሕዋስ ሽፋንን ያስታውሳል፤ ነገር ግን እዚህ አዮን የሚገፋ ፓምፕ የለም፣ መስኩን የሚጠብቀው ቅዝቃዜው ብቻ ነው። (ቅዝቃዜ ስል የሽንሌ በረሃ የሚያሰጋው አንባቢ አይጨነቅ፤ ይህን ባሕርይ ለመደምሰስ እንደ ገና በመቶዎች ዲግሪ ማሞቅ ያሻል።)

ቅሬታዬ በርእሱ ላይ ነው። ርእሱ ውጤቱን «ትልቅ» ይለዋል። ከምን አንጻር? ቀደም ሲል በመስታወት ክሮች ከታየው ጋር ሲነጻጸር በእርግጥ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ከታወቀው ክሪስታል ከሊቲየም ናዮቤት ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህም የሚገኘው 4 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው፤ የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት እንኳ ወደ እጥፉ ይጠጋል። የሚገኘው አዲስ ብርሃን መጠን ብርሃኑ በቁሱ ውስጥ በሚጓዝበት ርቀት ላይ እጅግ ስለሚመካ፣ የንብርብሩ መሳሳት ተራ ጉድለት አይደለም። ደራሲዎቹ ቁጥሮቹን አልደበቁም፤ ርእሱን ብቻ አንብቦ ርካሽ የመስታወት ሌዘር የጠበቀ ሰው ግን ተሳስቷል። ዛሬም በክሊኒክ የሚሠራው ክሪስታሉ ነው።

የጥናቱ ክብር ሌላ ቦታ ነው። ዘዴው ምድጃና የቮልት ምንጭ ያለው ቤተ ሙከራ ሊደግመው በሚችል ግልጽነት ተጽፏል፤ በብዙ አገሮችም ተደግሟል። በሕክምና መጽሔቶቻችን ስንት የአሠራር ክፍል እንዲህ ይጻፋል?

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የሬቲና ጥናት፣ በብርሃን መተኮስ በስኳር በሽታ የሚመጣውን ከባድ የዕይታ ማጣት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ሲያሳይ በእጁ የነበሩት የዜኖንና የአርጎን መብራቶች ነበሩ። የሞገድ ርዝመትን በግማሽ የማሳጠር ጥበብ ከዚያ ወዲህ የለወጠው የመሣሪያውን ግዝፈትና የሚጠይቀውን ኃይል ነው።