ዜማውም ዘማሪውም፦ የመዘምራን አመራር ከማኅሌት እስከ ሁሩሙ

ስለ መንፈሳዊ ዝማሬ የሚሰነዘረው ሒስ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በግጥሙ ምሥጢርና በዜማው ወግ ላይ ነው። የዘማሪው ጉሮሮ፣ እግር፣ ድካምና ከጓደኞቹ ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ግል ጉዳይ ይታያል፤ መሪው ለዚህ ቢጨነቅ ደግ ሰው ይባላል፣ ባይጨነቅም መሪነቱ አይጎድልም። እኔ የምከራከረው ከዚህ በተቃራኒው ነው። የዘማሪው ደኅንነት የዝማሬው አሠራር አካል ስለሆነ፣ እሱን የዘነጋ አመራር በዜማውም ቢሆን ጎደሎ ነው። ለዚህም ከሁሉ የሚቀድመው ማስረጃ ከውጭ አገር የመጣ ሳይሆን እዚሁ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የሚገኝ ነው።

ዜማው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ጋር በትውፊት ይያያዛል፤ አቋቋሙ ደግሞ በኋለኞቹ ዘመናት፣ በተለይ በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ዳብሯል። በዐቢይ በዓል ሌሊት መዘምራኑ ግራና ቀኝ ሆነው ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ስለዚህ አገልግሎቱ እስኪነጋ ቢዘልቅም አንድም ጉሮሮ ያለ ፋታ አይሠራም። ዜማው በከበሮ አይጀመርም። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፣ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ገብተው መረግድ ይሆናል፤ ጽፋት በጭብጨባና በፈጣን ምት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ድምፅም ጅማትም ሳይሞቁ ከባዱ ሥራ አይጫንባቸውም። መቋሚያውን ቀረብ ብሎ ላየው ደግሞ አናቱ ለመደገፍ እንዲመች ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለሰዓታት የቆመ ሊቅ ክብደቱን ይጥልበታል። መቋሚያው ሃይማኖታዊ ምሳሌነት አለው፣ ይህን ሁሉ ወደ ሰውነት ጥቅም ማውረድ ሥርዓቱን ያሳንሳል የሚል ይኖራል። ምሳሌነቱ ግን ድጋፍነቱን አይሽረውም፤ ሥርዓቱ ሁለቱን በአንድ በትር ላይ ማኖሩ ለሁለቱም ቦታ እንደሰጠ ያሳያል። ይህን ስል የድሮውን ሁሉ ማሞገሴ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ በሌሊት ብርድ እየተነሣ ነው ቃለ ዜማውን ያጠናው። ሥርዓቱ ለአገልጋዩ ያሰበውን ያህል ትምህርት ቤቱ ለተማሪው አላሰበም።

በመቱና በያዮ መካከል ወደምትገኘው ሁሩሙ ስንመጣ፣ የዛሬው መሪ ሌላ ዓይነት ጫና አለበት። በአካባቢው ከኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን፣ መቱን ማእከሉ ያደረገው የመካነ ኢየሱስ ኢሉባቦር ቤቴል ሲኖዶስ ምእመናን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚዘምሩ ኳየሮች አሏቸው። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ ቡና ደን ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ወጣቱ ቀኑን ለቀማ ላይ ይውላል፣ ማታ ለጥናት ሲመጣ እግሩ ዝሎ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መዘምራኑ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኪቦርዱና ሞንታርቦው ሲጨመር ደግሞ መዘመሩ ወደ ጩኸት ይጠጋል። በበዓሉ ማግሥት ድምፁ የተዘጋ ሰው ማየት የተለመደ ስለሆነ እንደ ትጋት ምልክት ይቆጠራል። በእኔ እምነት ግን የአመራር ጉድለት ምልክት ነው። መድኃኒቱም ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ የሞንታርቦውን ድምፅ መቀነስ፣ ጥናቱን በለሆሳስ ጀምሮ ወደ ከፍተኛው ድምፅ ቀስ በቀስ መውጣት፣ ረጅሙን ድምፅ ጎረቤታሞቹ በየተራ እየተነፈሱ እንዲይዙት ማስለመድ። የመጨረሻው በተለይ ሊጤን ይገባዋል። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ከያዘ ድምፁ አይቆረጥም፣ ማንም አይታፈንም፤ የግራና የቀኙ ቅብብሎሽ በአንድ ረድፍ ውስጥ ሲሠራ ማለት ነው።

አብሮ መዘመር በራሱ ጤና ነው፣ መሪው ዜማውን በደንብ ካስጠና ሌላው ራሱ ይመጣል የሚል መከራከሪያም አለ፤ ከፊሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምት ለውጥ ከዜማው አተነፋፈስ ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት ደግሞ የዝማሬ ክፍሎችን ከእጅ ሥራና ከድርሰት ክፍሎች ጋር ለሰባት ወራት አነጻጽሯል። ዘማሪዎቹ ከሌሎቹ ፈጥነው ተቀራረቡ፤ በመጨረሻ ግን ሌሎቹም እኩል ደረሱባቸው። ይህ ውጤት ለዝማሬ ውዳሴ ሲጠቀስ ሁለተኛው ግማሹ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዜማ ሰውን ቶሎ ያቀራርባል፣ መቀራረቡን ለማቆየት ግን ብቻውን አይበቃም፤ የቀረውን መሪው መሥራት አለበት።

ጠንካራው ተቃውሞ ዝማሬ መሥዋዕት ነው፣ ለራስ መሣሣት አምልኮን ያቀዘቅዛል የሚለው ነው። መሥዋዕትነቱን አልክድም። ነገር ግን ራሱን የሚሰጠው ዘማሪው ነው፤ መሪው የሌላውን ሰው ጉሮሮ መሥዋዕት የማድረግ ሥልጣን የለውም። መሪ ሐኪም አይደለም የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ግን መስኮት የሚያስከፍት፣ የጥናቱን ርዝመት የሚወስን፣ ያሳለውን ሰው ቤትህ ዕረፍ የሚለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በስካጊት፣ ለሁለት ሰዓት ተኩል የመዘምራን ልምምድ ከተገኙ 61 ሰዎች መካከል 53ቱ በምርመራ ወይም በምልክት የኮቪድ ታማሚዎች ተብለው ተመዝግበዋል፤ 2ቱ ሞተዋል። በወቅቱ ብዙ የማይታወቅ ነገር ስለነበር ያንን መሪ መውቀስ አይገባም። ዛሬ ግን ዝናብ ገባ ብሎ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ማስጠናት በቸልታ የሚታይ አይደለም።

ዲሲፕሊን ይላላል ለሚለውም መልሱ በስም ጥሪው መዝገብ ይጀምራል። ሁለት ጥናት የቀረን አባል ከመድረክ ማገድ በብዙ ኳየሮች የታወቀ ቅጣት ነው። በለቀማ ወራት ይህ ደንብ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ሰነፉን ሳይሆን የቤቱን ቡና ብቻውን የሚለቅመውን ነው። መዝገቡ ይቀመጥ፣ ስምም ይጠራ፤ ግን ስሙ ሁለት ጊዜ ሲታጣ ከውሳኔው በፊት ሁለት አባላት ቤቱ ሄደው ይጠይቁት። የቀረበትን ምክንያት ሳያውቅ የሚቀጣ መሪ ደንቡን ያስከብር ይሆናል፣ ለሚቀጥለው በዓል ግን ማን እንደሚቆምለት አያውቅም።