ማጉላትና መለየት፦ ስለ «አጉሊ መነጽር» አጠቃቀም

በካርቱም ሪያድ ሰፈር አማርኛን በቤቱ፣ ዐረብኛን በትምህርት ቤቱ ለሚሰማ ሕፃን የሳይንስ መሣሪያዎች ስም በሁለት መንገድ ይደርሰዋል። ዐረብኛው የእጅ ሌንሱን «ዐደሳ ሙከቢራ»፣ ማይክሮስኮፑን «ሚጅሀር» ብሎ ይለያል። የአማርኛው «አጉሊ መነጽር» ግን ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ይነገራል።

ስያሜው በራሱ ደካማ አይደለም። «መነጽር» ከግእዙ «ነጸረ»፣ ዐረብኛው «ሚንዛር» ከ«ነዘረ» ይወጣሉ፤ ሥሩ አንድ፣ የመሣሪያ ምዕላዱም ያው «ም» ነው። «ጎላ» መተለቅን ብቻ ሳይሆን ደምቆ መታየትንም ይይዛል፤ «ድምፅ ማጉያ» እንደሚመሰክረውም ከዓይን ወደ ጆሮ ይሻገራል። የ«ሚጅሀር» ሥር «ጀሀረ»ም እንዲሁ ግልጽ መሆንንና ድምፅን ከፍ ማድረግን ያጣምራል።

ጉድለቱ ያለው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። የእጅ ሌንስ በአንድ ሌንስ ጥቂት እጥፍ ያጎላል፤ ማይክሮስኮፕ ግን በዓይን በኩል 10፣ በናሙናው በኩል 40 እጥፍ የሚያጎሉ ሌንሶች ሲገጠሙለት 400 እጥፍ ያደርሳል። ሆኖም የተቀራረቡ ነጥቦች ካልተለዩ የሚገኘው ትልቅ ደብዛዛ ምስል ብቻ ነው። «ጎላ» ሁለቱን ፍች በአንድነት ስለሚይዝ፣ ሕፃኑ የተለቀ ሁሉ የጠራ ይመስለዋል።

ስለዚህ «አጉሊ መነጽር»ን ለእጅ ሌንስ መወሰን፣ «ማይክሮስኮፕ»ን በውሰትነቱ ማጽናት፣ «ማጉላት»ንና «መለየት»ን ጎን ለጎን ማስተማር ይበጃል። ዐረብኛው ራሱ ከ«ሚጅሀር» ጎን «ሚክሮስኮብ»ን ይዟል፤ ውሰት የቋንቋ ድህነት ምልክት አይደለም።