«አስታማሚ ውጡ!»

ጠዋት ሐኪሞች ለራውንድ ሊገቡ ሲሉ በየሆስፒታሉ የምትሰማ ጥሪ ናት። መውጣቱስ ይሁን፤ ሐኪም በፀጥታ መሥራት አለበት። ግን ወጥቶ የት ይሂድ?

እስቲ ወላይታ ሶዶን እንውሰድ። ከተማዋ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫነቷ በፊትም የሕመምተኛ መናኸሪያ ነበረች። የጥንቱ ኦቶና፣ የዛሬው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ከወላይታ ወረዳዎች አልፎ ከዳውሮና ከጎፋ የሚመጣ ሰው ይቀበላል። ሪፈር የተባለ ሰው ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ከኪንዶ ኮይሻ ሲነሣ ወንድሙ ማሳውን፣ ሚስቱ ልጆቿንና ገበያዋን ጥለው ይከተሉታል።

እነዚህ ሰዎች ጠያቂ አይደሉም፤ ያልተቀጠሩ ሠራተኞች ናቸው። ከግቢ ውጭ መድኃኒት ፈልጎ የሚያመጣው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ በሽተኛውን የሚያጥበውና የሚያጎርሰው፣ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚቀሰቅሰው አስታማሚው ነው። ሥራውን እንፈልገዋለን፤ ሰውየውን ግን እንደ ግርግር እንቆጥረዋለን። ሲመሽ ኮሪደር ላይ ጋቢውን ያነጥፋል፤ ጥበቃ ካየው ጠቅልሎ ይነሣል። ሶዶ ውስጥ ዘመድ ያለው ምሳ ይመጣለታል። የሌለውስ?

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለብዙ ገበሬ የሕክምናውን ወጪ አቅልሎለታል። የአስታማሚውን ትራንስፖርት፣ እራትና ማደሪያ ግን አያውቅም። ላሚቱ የምትሸጠው እዚህ ላይ ነው። ዕድራችንም ቢሆን ድንኳኑን አዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሞትን ነው፤ በሕይወት ያለውን ለማዳን ለሚንከራተት ወገን የሚሆን አንቀጽ በብዙው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የለም።

«በጀት የለም» ይባል ይሆናል። ለነፍሰ ጡር እናቶች ማቆያ ስንሠራ ግን መንገዱን አግኝተነዋል። ጉራጌ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ከአሥርት ዓመታት በፊት ያስለመደን ነገር ነው፤ በኋላም በየጤና ጣቢያው ሕዝቡ እህልና እንጨት እያዋጣ አስፋፋው። መኝታ፣ ማብሰያ፣ ውኃና መጸዳጃ ቤት እንጂ ሌላ ምን ነበረው? ዞኑ፣ ዩኒቨርሲቲውና ዕድሮች ቢመካከሩ ለአስታማሚም ይኸው አይከብድም።

አለዚያ የሚሆነውን እናውቃለን። ስንቁ ያለቀበት ቤተሰብ ሕክምናው ሳያልቅ ፈርሞ በሽተኛውን ይዞ ይሄዳል። ካርዱ ላይም «በራሱ ፈቃድ ወጣ» ተብሎ ይጻፋል።

ረኃብ ያስፈረመው ፊርማ ፈቃድ ይባላል እንዴ?