የቀራንዮ አትክልት፤ ስለ ማኅሌተ ጽጌና ስለ አበባ ምሳሌ

ፍጥረት ለሚያስተውል ሰው መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ አነበበ አይባልም። አበባም እንዲሁ ነው። ዓመት በዓመት ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሰባኪውም ባለቅኔውም አበባን ያነሣል፤ አንዱ ስለ ውበቱ፥ ሌላው ስለ መዓዛው፥ ሌላውም ፈጥኖ ስለ መርገፉ ይናገራል። የሚሰማው ሕዝብ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ በማግሥቱ ግን በልቡ የሚቀረው ጥቂት ነው። ምክንያቱም አበባው ለንግግር ጌጥ ተወሰደ እንጂ አልተመረመረም። ስለዚህ ከአበባ መንፈሳዊ ትምህርት እንዴት እንደሚቀዳ ለማወቅ የሚወድ ሰው፥ በአገራችን ይህን ሥራ ከሁሉ አብልጦ ወደ ሠራው ወደ ማኅሌተ ጽጌ ሊመለስ ይገባዋል።

ማኅሌተ ጽጌ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባሉት በ40ው የጽጌ ቀናት፥ በየሰንበቱ ሌሊት የሚቆም የግዕዝ ድርሰት ነው። ደራሲው አባ ጽጌ ብርሃን እንደ ሆኑ፥ ወዳጃቸው የደብረ ሐንታው አባ ገብረ ማርያምም በድርሰቱ እንደ ተባበሩ ሊቃውንቱ ሲያያዝ በመጣው ትውፊት ይናገራሉ። እያንዳንዱ ክፍል አምስት ስንኝ አለው፤ አምስቱም በአንድ ፊደል ቤት ይመታሉ። ከተአምረ ማርያም፥ ከነቢያትና ከወንጌል ብዙ ታሪክ የሚጠቅስ ስለ ሆነ፥ በአጭር ቃል ረጅም ነገር የተቋጠረበት ድርሰት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደ ተተከለ በሚነገርለት ደብር፥ እንደ ሌሎቹ አድባራት ሁሉ በጽጌ ሰንበት ይህ ማኅሌት ይቆማል። በዚያ ለሚያዳምጥ ሰው የቦታው ስም ራሱ የድርሰቱ ትርጓሜ ሊሆንለት ይችላል። ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነውና ስሙ ሞትን ያሳስባል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ግን በ19ኛው ምዕራፍ፥ ጌታ በተሰቀለበት ስፍራ አትክልት እንደ ነበረ፥ በአትክልቱም ውስጥ አዲስ መቃብር እንደ ነበረ ይመሰክራል። እንግዲህ የራስ ቅልና አትክልት በአንድ ስፍራ ተገኙ ማለት ነው። ማኅሌተ ጽጌን ከተርታ የአበባ ምስጋና የሚለየው፥ እነዚህን ሁለቱን ሳይለያይ መያዙ ነው።

ይህንንም በሦስት ነገር መመልከት ይቻላል።

መጀመሪያ፥ በዚህ ድርሰት አበባ ያለ ሥርና ያለ ፍሬ አይነገርም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ11ኛው ምዕራፍ ከእሴይ ሥር ስለምትወጣው በትርና ስለሚያብበው አበባ የተናገረው ትንቢት የድርሰቱ መሠረት ነው። ስለዚህ ደራሲው አንድ ጊዜ እመቤታችንን በትር፥ ልጅዋን አበባ ያደርጋል፤ ሌላ ጊዜም እርስዋን አበባ፥ ልጅዋን ፍሬ ያደርጋል። ይህ መለዋወጥ ላልለመደው ሰው የሐሳብ መደባለቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በተክል ሕይወት ሥር፥ በትር፥ አበባና ፍሬ የአንድ ጉዞ ደረጃዎች እንጂ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

ሁለተኛ፥ አበባው ከስደት ጋር ይነገራል። ወርኃ ጽጌ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችበት የሚታሰብበት ወራት ነው፤ ስለዚህ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር የኀዘን ድርሰት የሆነው ሰቆቃወ ድንግል በዚያው ሌሊት ይባላል። ምድሪቱ በአደይ አበባ ስታጌጥ የምእመናን ልብ ጥም፥ ረኃብና ድካም ያገኛትን አንዲት እናት ይከተላል። ሥርዓቱን የሠሩ አባቶች ደስታውን ከኀዘኑ አልለዩትም፤ በምድር ውበት ተድላ የሚያደርግ ሰው በዚያው ሰዓት ስደተኛውን እንዳይረሳ አድርገውታል።

ሦስተኛ፥ ከድርሰቱ ክፍሎች በጣም ከታወቁት አንዱ፥ ለእመቤታችን አበባን ከሰላምታ ጋር ያቀርብ ከነበረ ሰው ዐፅም ላይ አበባ በቅሎ እንደ ታየ ያስታውሳል። በዚህ ታሪክ አበባው የወጣው ከዐፅም ነው። ቀራንዮ ያለውን ምሥጢር የሚያስተውል ሰው ይህን ክፍል ሲሰማ የራስ ቅሉንና አትክልቱን በአንድነት ያያል።

አሁን ወደ ተክሉ ወደ ራሱ እንመለስ ቢባል፥ የፍጥረት ሥርዓት ለዚህ ለአባቶች ትምህርት ይመሰክራል። በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅለው ቀጋ የአገራችን የራሷ ጽጌ ረዳ ነው። አበባው ነጭ፥ ቅጠሎቹም አምስት ብቻ ናቸው፤ ግንዱ እሾሃም ስለ ሆነ ለአጥር ይተከላል። አበባው ሲረግፍ በእግሩ ቀይ ፍሬ ይተካል፤ እረኞችም ለቅመው ይበሉታል። በከተማ አትክልት የሚተከለው ጽጌ ረዳ ግን እጥፍ ድርብ ቅጠል ያለው፥ ለዓይን እጅግ የሚያምር ነው። ይህ ውበት ከየት እንደ መጣ የተክል ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ ለዘር የተሠሩት የአበባው የወንዴ ክሮች ተለውጠው ቅጠል ስለ ሆኑ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ በበዛ መጠን ፍሬው ያንሳል፤ ጨርሶ የማያፈራም አለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታ አካባቢ ለውጭ አገር ገበያ የሚመረተው ጽጌ ረዳ ደግሞ ገና እንቡጥ ሳለ ይቆረጣል፤ በቅዝቃዜ ተጠብቆም በአውሮፕላን ይላካል። ይህ ብዙ ሰው እንጀራ የሚበላበት ሥራ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ያ አበባ ፍሬውን ሳያይ እንደሚደርቅ የታወቀ ነው።

አደይ አበባም የራሱ ትምህርት አለው። አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። በዙሪያው ያሉት ቢጫዎቹ ዓይንን ይስባሉ፥ ንብንም ይጠራሉ፤ ዘር የሚይዙት ግን በመካከል ያሉት፥ ማንም የማያስተውላቸው ትንንሾቹ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰባኪ በማኅበር መካከል ማን እንደሚታይና ማን እንደሚያፈራ ለማስተማር ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን የዛሬው ዘመን የአበባ ስብከትና የአበባ ግጥም ጕድለቱ ይገለጣል። ብዙዎቹ የከተማውን ጽጌ ረዳ ይመስላሉ፤ ቅጠላቸው ብዙ ነው፥ ፍሬያቸው ግን አይታይም። ውበትን በውበት ላይ ይደርባሉ፤ እሾሁን ይተዋሉ፥ ሥሩን አይቆፍሩም፥ ከአበባው በኋላ ምን እንደሚመጣ አይጠይቁም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በልቅሶ ቤት የሚነገረው ነው። አንድ ወጣት በሞተ ጊዜ እንደ አበባ ተቀጠፈ ማለት በአገራችን የተለመደ አነጋገር ነው፤ የኀዘን ቃል እንደ መሆኑም ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን አንዳንድ አጽናኝ ነኝ ባይ ከዚህ አልፎ፥ እግዚአብሔር ከአትክልቱ የወደደውን አበባ ቀጠፈ ብሎ ለእናቲቱ ይነግራታል። ቃሉ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ለእናት ልብ ግን ከባድ ነው። ልጅዋ ያማረ ስለ ነበረ ሞተ ማለት ነውና። ፈጣሪንም ለራሱ ደስታ እንቡጥ የሚቆርጥ ሰው ያስመስለዋል። ወንጌል ግን እንዲህ ያለውን አትክልተኛ አያውቅም። በዮሐንስ ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ እያለቀሰች ሳለ ከሙታን የተነሣውን ጌታ የአትክልት ጠባቂ መሰላት። እርሱም ስለ አበባ ንግግር አላደረገላትም፤ በስሟ ጠራት። የቀራንዮ አትክልተኛ የሚያለቅሰውን በስሙ የሚጠራ እንጂ አበባ ቀጣፊ አይደለም።

በዚህ ላይ መዝሙረኛው ዳዊትና ኢሳይያስ የሰውን ዕድሜ በሚጠወልግ አበባ መስለው የለምን የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መስለዋል። ነገር ግን መርገፍና መቀጠፍ አንድ አይደለም። አበባ በግንዱ ላይ ሲረግፍ ለፍሬው ስፍራ ይለቃል፤ የተቀጠፈ አበባ ግን ፍሬውን ይዞ ይሞታል። ነቢያቱም መጠውለጉን ከተናገሩ በኋላ በዚያ አላቆሙም፤ የማያልፈውን ቃልና ምሕረት አስከትለዋል። ሸምግሎ፥ ልጅ አሳድጎ፥ ደቀ መዝሙር አፍርቶ ለሞተ ሰው የረገፈው አበባ ምሳሌ ይስማማዋል። ፍሬው ሳይታይ ለሞተ ሕፃን ግን አይስማማውም፤ ለእርሱ የሚስማማው ከዐፅም ላይ የበቀለው አበባ ነው። ይህንንም ለመናገር ጊዜው ገና ከሆነ ዝም ብሎ ከሐዘንተኛይቱ ጋር መቀመጥ ካማረ ቃል ይሻላል።

ማኅሌተ ጽጌም ነቀፌታ የማይገኝበት አይደለም። በአንድ ፊደል ቤት መምታት ግድ ስለ ሆነ አንዳንድ ስፍራ ቃሉ ከመንገዱ ጠምዘዝ ይላል፤ የሚጠቀሰውን ተአምር የማያውቅ ሰውም ምሥጢሩ አይገለጥለትም። ዛሬ በማኅሌት ከሚያድረው ሕዝብ ግዕዝ የማያውቀው ይበዛል፤ ዜማው ልቡን ይነካዋል፥ ትምህርቱ ግን በጆሮው ላይ ያልፋል። ይህ ጕድለት ከደራሲው ይልቅ የሚተረጕሙት ሰዎች ነው። በየሰንበቱ ከሚባሉት ክፍሎች አንዱ እንኳ በአማርኛ ቢተረጐምና ታሪኩ ቢነገር፥ ሕዝቡ በሌሊት የሰማውን በቀን ያስተውለዋል፤ ሰባኪውም ከሌላ ስፍራ የወረቀት አበባ መዋስ አያስፈልገውም።

እንግዲህ አበባን ምሳሌ ሊያደርግ የሚወድ ሰው፥ ካህንም ቢሆን ባለቅኔም ቢሆን፥ አስቀድሞ ወደ አትክልቱ ወርዶ ተክሉን ከሥሩ እስከ ፍሬው ይመልከት፤ እሾሁንም በእጁ ይንካ። ከዚያም በኋላ የሚናገረውን ቃል ልጅዋን ለቀበረች እናት ፊት ለፊት ሊናገረው ይችል እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። በዚያ የሚቆም ምሳሌ በየትም ይቆማል፤ በዚያ የማይቆም ግን ምንም ያማረ ቢሆን ቢቀር ይሻላል።