በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር

እሑድ ጠዋት ነው፤ ጉባኤው ለአምልኮ ተሰብስቧል። በድንገት ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል። መንደሩ በጎርፍ ተጥለቅልቆ የሰነበተበት ሳምንት ነበር። ከወለሉ በታች የሞሁን ቤተ ሰብ የመቃብር ክፍል ስላለ፣ ሰዎቹ ሙታኑ ተነሥተው እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ግን የሚንኳኳው ምን እንደ ሆነ አሳምረው ያውቃሉ፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት መጠጥ የተሞሉ በርሜሎች በጎርፉ ተንሳፍፈው እየተጋጩ ነው።

ይህ ትዕይንት እንግሊዛዊው ጆን ሚድ ፎክነር እ.ኤ.አ. በ1898 ካሳተመው «ሙንፍሊት» ከተሰኘ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ሙንፍሊት ደራሲው በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት የባሕር ዳርቻ ላይ የፈጠራት መንደር ናት። ታሪኩ የሚጀምረው በ1757 ሲሆን የሚተርክልን ወላጅ አልባው የ15 ዓመት ልጅ ጆን ትሬንቻርድ ነው። ብዙዎች መጽሐፉን የሚያነቡት ስለ አልማዙ ፍለጋ ብለው ነው። እኔ ግን ከአልማዙ ይልቅ በርሜሎቹ ይበልጥ አሳሰቡኝ።

የመንደሩን ኮንትሮባንድ የሚመራው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኤልዜቪር ብሎክ ነው። መጽሐፉ ሲከፈት ልጁ ዴቪድ በቀረጥ ጠባቂዎች መርከብ ተይዞ በግጭቱ ተገድሏል። የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቆፋሪ ራትሲ የመቃብሩን ድንጋይ ይቀርጻል፤ እሱም ከኮንትሮባንዲስቶቹ አንዱ ነው። ገዳዮቹን የሚወቅሰውን የመቃብር ግጥም የጻፈው ደግሞ የመንደሩ ቄስ ግሌኒ ነው። ኤልዜቪር ከአክስቱ ቤት የተባረረውን ጆንን እንደ ልጁ ያሳድገዋል። ሕግ አስከባሪው ዳኛ ማስኪውስ? ክፉና በቀለኛ ሰው ነው። በጨረታ ዋጋ እያናረ ኤልዜቪርን ከኖረበት መጠጥ ቤት ያስወጣዋል፤ ቄሱን እንኳ በተማሪዎቹ ፊት መትቶ ያዋርደዋል። እንዲህ ተሥሎ ሲቀርብልን ማንን እንደምንወድ አስቀድሞ ተወስኗል።

በወጣቶች ክፍል መጽሐፉን ስንወያይበት አንዲት እኅት «ታዲያ ኤልዜቪር ኃጢአተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ አብዛኛው ለኤልዜቪር ቆመ። ጥያቄዋን ይዤ መጽሐፉን እንደ ገና ሳነብ ደራሲው በሁለት ሚዛን እንደሚመዝን አየሁ። ኤልዜቪርና ጆን አገር ጥለው የሚሰደዱት ባልፈጸሙት ግድያ ተከሰው ነው፤ ማስኪውን የገደለው ከወታደሮቹ የተተኮሰ ጥይት ነበር። በሆላንድ 10 ዓመት የሚታሰሩትም ያታለላቸውን የአልማዝ ነጋዴ ቤት ሰብረው አልማዙን ለማስመለስ ሲሞክሩ ተይዘው ነው። ስለ አልማዙ ብዙ መከራ ይቀበላሉ፤ ጉንጫቸው ሳይቀር በጋለ ብረት ይተኮሳል። ስለ በርሜሎቹ ግን የሚጠይቃቸው የለም። አልማዙን መፈለግ ስግብግብነት ሲባል በርሜሉ «እንጀራ» ሆኖ ይታለፋል።

ታሪኩ ከሚጀምርበት 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1747፣ በዚያው በዶርሴት በምትገኘው የፑል ከተማ ኮንትሮባንዲስቶች የጉምሩክ መጋዘን ሰብረው የተወረሰባቸውን ሻይ ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የጉምሩክ ሠራተኛና አንድ ምስክር አሠቃይተው ገደሉ። ፎክነር እንዲህ ያሉትን ሰዎች ወደ ሙንፍሊት አላስገባም። በእርግጥ መንግሥቱም ንጹሕ አልነበረም። የሻይ ቀረጥ እስከ 119 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ1784 ወደ 12.5 በመቶ ሲወርድ የሻይ ኮንትሮባንድ አትራፊነቱን አጣ። ስለዚህ «ቀረጡ ግፍ ነው» የሚለው ሙግት ባዶ አልነበረም።

ይህን ሙግት በዚያው ዘመን ፊት ለፊት የገጠመው ጆን ዌስሊ ነው። በ1743 ለማኅበሮቹ ባወጣው ደንብ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ዕቃ መሸጥ ብቻ ሳይሆን መግዛትንም ከልክሏል። በ1753 የባሕር ጠረፍ ከተማ በሆነችው በሴንት አይቭስ ያሉትን ወገኖች ሲጎበኝ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ንግድ ውስጥ እንዳሉ አወቀ። በማስታወሻው ላይ ነገሩን እርም ብሎ ጠራው፤ ኢያሱ 7ን ያነበበ ሰው አካን በድንኳኑ ሥር የቀበረውን ያስታውሳል። ይህን ካልተዋችሁ ዳግመኛ ፊቴን አታዩም አላቸው፤ እነርሱም እንተዋለን አሉ። በ1767 ደግሞ ለኮንትሮባንዲስቶች አንድ ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ዌስሊን ከግሌኒ አጠገብ ሳቆመው የልብ ወለዱ ክፍተት ወለል ብሎ ይታየኛል። ግሌኒ ደግ እረኛ ነው፤ ለሞተው ልጅ ያለቅሳል፤ ማልቀሱም ተገቢ ነው። ልጁን ወደዚያ መርከብ የላከው ማን እንደ ሆነ ግን ግጥሙ አይጠይቅም።

ገዢውን ከሻጩ እኩል የጠየቀው የዌስሊ ደንብ እኛንም ይነካል። በሞያሌ ወይም በጅግጅጋ በኩል ሳይቀረጥ የገባ ስልክና ልባሽ ጨርቅ ዋጋው ቀላል ነውና ከየት መጣ ብለን አንጠይቅም። ክፍላችን ለኤልዜቪር የቆመው ለእርሱ አዝኖ ብቻ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ብዬ መጽሐፉን አንብቡ እላለሁ። በመጨረሻው ማዕበል ኤልዜቪር ጆንን አድኖ ራሱ በባሕሩ ሲወሰድ ያላዘነ ሰው መጽሐፉን አላነበበውም። ጆንም የአልማዙ ነጋዴ ተጸጽቶ የተወለትን ሀብት ለራሱ አላዋለውም፤ ለመንደሩ ችግረኞች አዋለው። ዘኬዎስ ግን ለድሆች ከመስጠት ባሻገር የበደላቸውን ሰዎች አስቦ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ ጆን እስከዚያ አይደርስም።

የቀረው ጉድለት ቀላል ነው። ግሬስ፣ የማስኪው ልጅ፣ ከመጠበቅ በቀር እምብዛም ሥራ አልተሰጣትም፤ መርከቡ ከዓለም ዳርቻ ሁሉ መርጦ ሙንፍሊት ላይ መሰበሩም ትንሽ ይበዛል። እንግሊዝኛው ያረጀ ስለ ሆነ መዝገበ ቃላት አትራቁ። ጊዜ የሌለው ሰው ጎርፉ ያለበትን 2ኛውንና ጆን ወደ መቃብሩ ክፍል የሚገባበትን 4ኛውን ምዕራፍ ቢያነብ ይበቃዋል።