መዶሻው ይወድቃል እንጂ አይመታም

አጎቴ በስትሮክ ታመው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሲተኙ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። የአስታማሚ ሥራ ውሃ ማቀበል፣ ማገላበጥ፣ የመድኃኒት ወረቀት ይዞ መሮጥ ነው፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል። እኔም ቁጭ ብዬ የሁለት ሬዚደንቶችን እጅ ሳይ ሰነበትኩ።

ሬዚደንት ሐኪምነቱን ጨርሶ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን እንደገና ተማሪ የሆነ ሐኪም ነው። ዎርድ ውስጥ የሚያድረው እሱ ነው። በአገራችን የኒውሮሎጂ ሬዚደንት ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የአንደኛ ዓመቱ ነበር። ትሁት ልጅ ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ጠግቦ አያውቅም። የነርቭ መመርመሪያ መዶሻውን ግን ድንኳን የሚተክል ሰው ካስማ እንደሚመታበት በጭብጡ ጨብጦታል። የአጎቴን ጉልበት መታ። ዝም። ጠንከር አድርጎ ደገመ። ሲሠልስ አጎቴ ቀና አሉ፤ ምላሳቸው ቢከብድም ቀልዳቸው አልከበደም፤

«ልጄ፣ ጉልበቴን ነው ወይስ በር ነው የምታንኳኳው?»

በማግሥቱ ጠዋት የሦስተኛ ዓመቷ ሬዚደንት መጣች። አልጋው አጠገብ ቆማ መዳፎቿን አፋተገች፤ ለካ እያሞቀቻቸው ነው። ጋቢውን ራሷ ሰብስባ፣ ግራ ክንዷን በሁለቱ ጉልበቶች ሥር አሾልካ ከፍ አደረገቻቸውና ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም ነበር። እግር ሲያዝ ባለቤቱ ሳያውቀው ያግዛል፤ ያ እገዛ እስኪቀርና እግሩ ክንዷ ላይ እስኪከብድ ነው የጠበቀችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለውን ጅማት ፈልጋ አገኘች። መዶሻውን በእጀታው ጫፍ በሦስት ጣት ብቻ ያዘችው፤ አነሳችው፤ ለቀቀችው። አልመታችም። መዶሻው በራሱ ክብደት ወደቀ።

ሌላው ሰው የእግሩን መወርወር ሲጠብቅ እሷ የምታየው ጭኑን ነበር። ጡንቻው መጀመሪያ የሚኮማተረው እዚያ ነው፤ እግሩ ባይነሳ እንኳ ጭኑ ይናገራል። ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፣ ግራ። አንዱ ጉልበት ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ወሬው ያለው በልዩነቱ ውስጥ ነው። ቀኙ አመነታባት። እንዲህ ሲሆን በሽተኛን ሁለት እጅ አቆላልፎ እንዲስብ ማዘዝ የታወቀ ብልሃት ነው፤ ሀንጋሪያዊው ሐኪም የንድራሺክ የተወልን። የአጎቴ ቀኝ እጅ ግን ደክሟል። «አባባ፣ ጥርስዎን ነከስ ያድርጉልኝ» አለች። ነከሱ፤ መዶሻው ወደቀ፤ ጭኑ ዘለለ።

መዶሻዋ ረጅም እጀታ ላይ እንደ እንዝርት ቀለበት የተሰካች፣ ዙሪያዋን ጎማ የለበሰች ትንሽ መንኰራኩር ነበረች። የዚህች ዓይነቷን መዶሻ መጀመሪያ የሠራችው ለንደን ኩዊን ስኩዌር በሚገኘው የነርቭ ሆስፒታል ዊንትል የተባለች ነርስ ናት ይባላል። ለማህፀን መደገፊያ የሚሆን የጎማ ቀለበት፣ የናስ መንኰራኩርና የቀርከሃ ዘንግ አገጣጥማ ለሬዚደንቶቹ ትሸጥላቸው ነበር። ይህን ታሪክ የምወደው መሣሪያውን ያበጀችው የሐኪሞቹን እጅ ቆማ ስታይ የኖረች ሰው በመሆኗ ነው። ቀርከሃው ይለመጣል፤ መንኰራኩሩ ይከብዳል፤ ቀሪውን ምድር ትስበዋለች።

ወደ እግር መዳፍ ስትወርድ መዶሻውን ገልብጣ በእጀታው ጫፍ መጣች። ይህን ምርመራ ፓሪስ የነበረው ሐኪም ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1896 በ28 መስመር ጽሑፍ ለዓለም አሳወቀ። የመዳፉ የውጭ ጠርዝ ከተረከዝ ተነስቶ ወደ ጣቶቹ ሥር ቀስ ተብሎ ይጫራል። የጤነኛ ትልቅ ሰው አውራ ጣት ወደ ታች ይታጠፋል፤ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርደው መስመር የተጎዳበት ሰው ግን አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሳል። ችግሩ ማንኛውም ሰው ሲኮረኮር እግሩን ማሸሹ ነው። መታየት ያለበት የጣቱ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው፤ ከሽሽቱ በፊት ያለችው ቅጽበት። በዚያ ላይ የአጎቴ መዳፍ የፎገራ ገበሬ መዳፍ ነው፤ ባዶ እግሩን ሲሄድ ያደገ፣ እንደ ቁርበት የደረቀ። ሳትቸኩል ጫረች። ቀኙ ተነሳ። የሚጠበቅ ነው፤ የተጎዳው የአንጎል ግራ ወገን ነውና።

ግራውም ተነሳ።

እዚህ ላይ ቆም አለች። እንደገና ጫረች። ቆዳው ሳይሆንባት አይቀርም ብላ ይመስለኛል፣ መዳፉን ትታ ከውጭ በኩል ካለው ቁርጭምጭሚት ሥር በለስላሳው ጎን ላይ አስኬደችው፤ ይህኛውን ያስተማረው ቻዶክ የተባለ ሐኪም ነው። ያው ጣት ተነሳ። በአንጎል አንድ ወገን ያለ ስትሮክ ሁለት እግር አይመሰክርበትም። ወይ ሌላ አዲስ ጉዳት አለ፣ ወይ አሮጌ።

«አባባ፣ አገርዎ የት ነው?»

«ፎገራ።»

«በልጅነትዎ እግርዎ ከብዶዎት ያውቃል?»

አጎቴ ጣሪያውን አዩ። «የ69ኙ ጓያ ነዋ። ሌላው እህል ጠፍቶ ቂጣውም ሽሮውም ጓያ ነበር። ወንድሜ ሁለት ዱላ ይዞ ቀረ። እኔ ግን ድኜ ነበር።»

በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደንቢያና በፎገራ ጓያ ብዙ ሰው ሽባ እንዳደረገ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትም በኋላ ይህንኑ በሽታ ብዙ አጥንተውታል። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለኩት በዱላ ነው፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ በአንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ፣ የሚድህ። አጎቴ ያለ ዱላ ከሚሄዱት ነበሩ። ያደጉት ልጆቻቸው እንኳ አረማመዳቸው ጠንከር ያለ ነው ከማለት ያለፈ የሚያውቁት የለም። ያ የግራ አውራ ጣት ግን ከ40 ዓመት በላይ ምስጢሩን ይዞ ኖሯል።

ወሬውን ሰምታ አልረካችም። መቃኛውን፣ በሰከንድ 128 ጊዜ የሚርገበገበውን ሹካ መሳይ ብረት፣ መዳፏ ላይ መታ አድርጋ አጥንታቸው ላይ አቆመችው፤ እንደ በገና አውታር ዝዝ ሲል ይሰማቸዋል፣ ሲቆምም ያውቃሉ። ከጥጥ ጫፍ መዝዛ እንደ ፈታይ አሹላ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዳቸውን አስነካቻቸው፤ በሁለቱም እግር ይቆጥራሉ። ጓያ የሚጎዳው የማዘዣውን መስመር ነው፤ የስሜቱን በአብዛኛው ይተዋል። እኔ ወረፋ ጠብቄ፣ ከፍዬ፣ እንደ ታቦት ተሸክሜ ያመጣሁት ሲቲ ስካን የሰሞኑን ስትሮክ አሳይቷል፤ ስለ 69ኙ አንድ ቃል የለውም።

በራውንድ ላይ ሲኒየሩ ሐኪም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ምንም ሳይሉ ጎንበስ ብለው የግራውን መዳፍ ራሳቸው ጫሩ፤ ጣቱን አዩ፤ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና እዚያ ዎርድ ውስጥ አልሰማሁም።

ማታ ኮሪደሩ ላይ ሁለቱን ሬዚደንቶች አየኋቸው። እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሏል፤ እሷ አንጓውን ይዛ ታወዛውዛለች። «እጅህን ልቀቀው እንጂ። መዶሻው ይሥራበት።» ለቀቀው። የገዛ ጉልበቱ ሲዘልበት እንደ ሕፃን ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ወደ አልጋችን ተመለሰ። መዳፉን አፋተገ። ጋቢውን ሰበሰበ፤ ክንዱን አሾለከ፤ ጠበቀ። ሦስት ጣት። መዶሻው ወደቀ፤ የአጎቴ ጭን ተንቀሳቀሰ።

«ግባ» አሉት አጎቴ።